የረጅሙ ስፒከር ባለቤቶች ምን ይላሉ

ጓንዡ፣ ቻይና፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለእትዬ ስመኝ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ክረምቱን እንዴት ተወጣው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ ገና አልበረደም እንጂ ሌላ የሚያማርር ነገር የለኝም። እናቴ በደወልኩ ቁጥር ‹‹የአጎቴን ልጅ ስመኝን ጠይቃት፣ ብቻዋን ናት›› ትለኛለች። ይኸው ስጠይቅዎት ደግሞ ሥራ ይዤ መጣሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጓደኛዬ አምና መስከረም ላይ ከዚህ ሃያ አራት ጥንድ ስፒከር ወደ አዲስ አበባ ልኮ ነበር። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት አይደለም፤ ወለል ላይ የሚቆም፣ ቁመቱ ወገብ የሚደርስ ረጅም ሳጥን ነው። ስመ ጥር ዕቃ አይደለም፤ ዋጋው ግን ደመወዝተኛ የሚችለው ነው። ደምበል አጠገብ ሱቅ ያለው አባዲ የሚባል ልጅ ሸጦ ጨረሰው። አሁን ሁለት መቶ ጥንድ ለማምጣት ታስቧል፤ እኔም አለሁበት። አባዲን ስጠይቀው ‹‹ሁሉም ደስተኛ ነው፣ በቃ አምጡ!›› ይለኛል። የሻጭ አፍ መቼም ያውቁታል።

እርስዎ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ለስታቲስቲክስ ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው ሲጠይቁ የኖሩ ነዎት። የገዙትን ሰዎች ሄደው ቢጠይቁልኝስ ብዬ አሰብኩ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው? ቤዙስ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ አይበዛም? ተበላሽቶባቸው ያውቃል? ደግመው ይገዙታል? አባዲ የዋስትና ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል፤ ስማቸውና ስልካቸው ከዚህ ጋር ተያይዟል። ሁሉንም ማዳረስ ባይችሉ የቻሉትን ያህል።

እውነቱን ብቻ ይጻፉልኝ። እናቴም ሰላም ትልዎታለች።

ልጅዎ ኢያቄም


ቂርቆስ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢያቄም፣

ያለህበት አገር ሰላም ይሁን፤ መውጫ መግቢያህን ጌታ ይጠብቅልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል፤ ሜዳ ላይ ግን እንታረቃለን። እጄ ስልክ ላይ መጻፍ ስላልለመደ እንደ ድሮው በወረቀት ጽፌ ፎቶውን እልክልሃለሁ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ‹‹ጠይቂልኝ›› ያለኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ። የሥራ ቦርሳዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄ አቧራውን ጠረግሁና በነጋታው ወጣሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ባለቤትን ስለ ንብረቱ ‹‹ጥሩ ነው ወይ?›› ብለህ ብትጠይቀው ‹‹ጥሩ ነው›› ይልሃል። መጥፎ ነው ካለ ተሞኝቶ የገዛው እሱ ራሱ ሊሆን ነዋ! ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ‹‹መጨረሻ የከፈቱት መቼ ነው?›› ብዬ ነው።

መጀመሪያ ባምቢስ ወረድኩ። ገብረሃና ይባላል፣ ምግብ ቤት አለው። ‹‹ትናንት›› አለኝ። ከኋላው የቆመችው አስተናጋጅ ጭንቅላቷን ነቀነቀችብኝ። ኋላ ሲጫወት እውነቱን አወጣው፤ ሲከፍተው ብርጭቆው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ምሳ የሚበላው ሰው ይጯጯሃል። ‹‹ቤዙን ለምን አይቀንሱትም?›› ስለው ‹‹መቀነሻው የት እንደሆነ የሚያውቀው ልጅ ሥራ ለቀቀ›› አለኝ።

ቀጥሎ ኡራኤል አቶ ቸሩ ቤት ሄድኩ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዘፈን አይሰሙበትም፣ የሬዲዮ ዜና ብቻ ነው። ‹‹ዜና አንባቢው ሳሎኔ ውስጥ የቆመ ይመስለኛል፤ ሲሳሳት ምራቁን ሲውጥ እንኳ እሰማዋለሁ›› አሉኝ። ደግመው ይገዙታል? ‹‹የሚሳሳት ሲበዛ እንጃ!››

ሦስተኛዋ ሰብሊ ናት፣ ቢሮ የምትሠራ ልጅ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። ጉልበቴን እየረገምኩ ወጣሁ። ስደርስ ከሁለቱ ሳጥኖች ትክክል መሐል ላይ አስቀመጠችኝና ‹‹እትዬ፣ በቃ እዚህ ጋ፣ እንዳይነቃነቁ፣ ማለቴ ጭንቅላትዎትን›› አለችኝ። ከወጣትነቴ ጀምሮ የማውቀውን አንድ ዘፈን ከፈተችልኝ። ኢያቄም ልጄ፣ ሰውየው ግጥሙን ሊጀምር ሲል ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት! አርባ ዓመት ስሰማው ያ ሰው እንደሚተነፍስ አላውቅም ነበር። ድምፁ ደግሞ ከሳጥኖቹ አይመጣም፤ ምንም ከሌለበት ከመሐል ነው የሚመጣው። ይህ ለምን ይሆናል? አብራራልኝ፤ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። ገብረሃና በሽቦ ከግድግዳው ጋር አስሮታል። አቶ ቸሩ በሁለት በኩል ጡብ አስደግፈውታል። ሰብሊ በሶፋና በግድግዳ መሐል ሰክታዋለች። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ሲያደርጉ እኔ ‹‹ለምን?›› ማለት ልማዴ ነው። ለምንድን ነው?

የምትወድህ ስመኝ


ጓንዡ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ስመኝ፣

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ላይ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ቻይናዎቹ ምን ሆነ ብለው አዩኝ። አባዲ በአንድ ዓመት ያልነገረኝን እርስዎ በአንድ ሳምንት ነገሩኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ሁለቱ ስፒከሮች እኩል ድምፅ ሲያወጡና እርስዎ ከሁለቱም እኩል ርቀው ሲቀመጡ ሁለቱም ጆሮዎ እኩል ይሰማል። ያኔ አእምሮዎ ‹‹ድምፁ ከመሐል ነው›› ብሎ ይፈርዳል። ዘፋኙን መሐል ላይ ያቆመው የእርስዎ አእምሮ ነው ማለት ነው። ሰብሊ ጎበዝ ናት፤ ብዙ ሰው አንዱን ሳሎን አንዱን መኝታ ቤት ያደርገዋል።

የገብረሃና ብርጭቆ የሚንቀጠቀጠው ደግሞ ስፒከሩ ግድግዳ ተጠግቶ ስለተቀመጠ ነው። ከግድግዳው ሁለት ስንዝር ፈቀቅ ቢያደርገው ቤዙ ይቀንስለታል፤ ይንገሩልኝ። ቀለሙንስ እንዴት አዩት? ጥቁሩ ነው ቡናማው የሚወደደው? ኮንዶሚኒየም ያሉትን ቢያበዙልኝ ደስ ይለኛል፤ ገበያው ወደዚያ ስለሆነ። ስለ አቀማመጡ ብዙ አይጨነቁ፣ ዋናው ድምፁ ነው።

ትንሽ መቻኮል ግን አለብን። ፋብሪካው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቁርጡን ንገሩኝ ብሏል።

አክባሪዎ ኢያቄም


ቂርቆስ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢያቄም፣

ሰላምህ ይብዛ፤ ያሰብከውን ጌታ ያሳካልህ። ዘፋኙን መሐል ላይ የማቆመው እኔ ነኝ ያልከኝን ለአቶ ቸሩ ብነግራቸው ‹‹እንግዲያው ዜና አንባቢውንም የማሳስተው እኔ ነኝ›› ብለው ሳቁ። ገብረሃናንም ፈቀቅ አድርገው አልኩት። እውነትም ብርጭቆው ዝም አለ! አሁን በነፃ ምሳ ካልበላሽ እያለ ያስቸግረኛል።

ዘጠኝ ቤት ደርሻለሁ። ፈትያን ልንገርህ። እዚሁ ቂርቆስ የሠርግ ልብስ ትሰፋለች፤ አራት የልብስ ስፌት መኪና አላት። ስፒከሩን የገዛችው የመኪናዎቹን ጩኸት እንዲሸፍንላት ነው። ‹‹መብራት ሄዶ ሲመጣ የግራው ያኮርፋል። ጀርባውን እንደ ሕፃን መታ መታ ሳደርገው ይመለሳል›› አለችኝ። ሌሎች ሁለት ቤቶችም ያንኑ ነግረውኛል። ግራው ብቻ ነው፤ ጻፈው። እርሷ ግን ደግማ ትገዛዋለች፤ ሙሽሮቹ ልብስ ሲለኩ ተከፍቶ ሲሰሙ ወገባቸው ይፈታል፣ ለመለካት ይመቹኛል ትላለች።

ኃይለማርያም የሚባል ሰው ቤት ደግሞ ሚስትየው ሁለቱንም በዳንቴል አልብሳ አናታቸው ላይ አበባ አስቀምጣለች። ባልየው ‹‹ተበልቻለሁ፤ ዘፋኙ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ነው›› ብሎ አማረረ። እኔ ዳንቴሉን በሁለት ጣቴ ብድግ አደረግሁት። ዘፋኙ ዳነ። ባልና ሚስት ተያዩ፤ ‹‹ለካስ!›› አለች ሚስቲቱ። በማግስቱ በዚያ ሳልፍ በመስኮት አየሁ፤ ዳንቴሉ ወደ ቦታው ተመልሷል። ቀለም የጠየቅኸኝ፣ ቡናማውን ሴቶች ይወዱታል፤ ከቁም ሳጥን ጋር ይሄዳል ብለው።

እነዚህ ሰዎች ቤት ካርቶኑ ተቀምጦ ነበርና ከውስጡ የመመሪያውን ወረቀት አወጣሁ። ቻይንኛውን አላነብም፤ ሥዕሉን ግን አነባለሁ። ሥዕሉ ላይ ስፒከሩ ከሥሩ መቆሚያ አለው፤ እንደ ዳክዬ እግር ወደ ጎን ሰፋ ያለ። በዘጠኙም ቤት ግን አንድም ባለ መቆሚያ አላየሁም። ሁሉም የሚያስሩት፣ የሚያስደግፉት ለዚህ ነው፤ አንድ ሰው ሲነካው ይወዛወዛል። አባዲ ሱቅ ሄጄ ጠየቅሁት። ‹‹ሲመጣም እንዲሁ ነው የመጣው እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ?›› አለና ስልኩን ማየት ጀመረ። ባለፈው ጠይቄህ ሳትመልስልኝ ቀርተሃል፤ ምናልባት ዘንግተኸው ይሆናል። መቆሚያው የት ሄደ?

አሥረኛው ሊካሳ የሚባል ነው። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ‹‹ስፒከር›› የሚለውን ቃል ሲሰማ ሁለቱንም ጊዜ ዘጋው። ሲገዛ ካዛንቺስ ነበር የሚኖረው፤ ሰፈሩ ሲነሣ እሱም ተነሥቷል። ስልክ የሚዘጋ ሰው የሚለው ነገር አለው ማለት ነው። እፈልገዋለሁ።

ስመኝ


ጓንዡ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ስመኝ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሥራ በዝቶብኝ በአጭሩ ልጻፍ።

ዘጠኝ ቤት በቂ ነው፤ በጣም አመሰግናለሁ። በዚህ ዕድሜዎ ከዚህ በላይ ላደክምዎት አልፈልግም። ሊካሳ የተባለውን ይተዉት፤ አንዳንድ ሰው በቃ ጸባዩ ነው። ይልቅ አሁን የምለምንዎት፣ ለሸሪኬ የማሳየው አንድ ገጽ ቢጽፉልኝ ነው፤ ‹‹ባለቤቶቹ በአጠቃላይ ረክተዋል፣ ደግመው ይገዛሉ›› የሚል፣ ስምዎና የቀድሞ ሥራዎ ያለበት። ድምፁን በተመለከተ እውነት ነውና ውሸት አይሆንብዎትም።

ለጉልበትዎ ጥሩ ቅባት አግኝቻለሁ፤ ሰው ሲመጣ እልክልዎታለሁ።

ኢያቄም


ቂርቆስ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኢያቄም፣

እግዚአብሔር በሰላም ያቆይህ። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩህ ታምሜ አይደለም።

ሊካሳን ያገኘሁት በድሮው ዕድራቸው ጸሐፊ በኩል ነው። ገላን ወጥቶ ነው የሚኖረው፤ ሁለት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጎ ‹‹ማን ላከዎት?›› አለኝ።

‹‹ስለ ስፒከሩ የባለቤት አስተያየት ልጠይቅ ነው የመጣሁት።››

‹‹አስተያየት?›› አለና በሩን ከፈተው። ‹‹ይግቡ። አስተያየቱ ውስጥ ተኝቷል።››

አልጋ ላይ ያሉት እናቱ ናቸው፤ ወይዘሮ አልጋነሽ ይባላሉ። በእኔ ዕድሜ ናቸው፤ ትንሽ ቢበልጡኝ ነው። ሐምሌ ላይ ከወንበራቸው ሊነሡ ሲሉ አጠገባቸው የቆመውን ስፒከር አናቱን ያዙ። ወገብ ድረስ የሚደርስ ጠንካራ ነገር ነው፤ ማንም ሰው ቢሆን እንደ ምርኩዝ ይይዘዋል። ወለሉ ሴራሚክ ነው። ሳጥኑ አብሯቸው ሄደ። የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ብረት ገብቶላቸዋል። ይኸው አምስት ወራቸው ነው፤ አሁን በሰው ድጋፍ እስከ በር ይሄዳሉ።

አጠገባቸው ስቀመጥ ቀስ ብለው ያሉኝን እንዳሉት እጽፍልሃለሁ።

‹‹ለንብረቱ ነው የመጣሽው? እኔ ነኝ የሰበርኩት። ልጄ ገና ሲያመጣው እንዴት ደስ ብሎት ነበር መሰለሽ! ጠርዙ ተሰንጥቆ ድምፁ ጠፋ። አይናገረኝም፤ ባይናገረኝም አውቃለሁ። ካሳ ካለው ለእኔ ንገሪኝ፤ ለእሱ አትንገሪው።››

ሊካሳ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አምስት ወር ሙሉ እናቱ ይህን ይዘው እንደተኙ አያውቅም ነበር። ‹‹እማዬ!›› ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባና ብዙ ቆየ።

የቀረውን አንዱን ስፒከር ከግድግዳ ጋር በምስማር መትቶታል፤ ጠዋት ጠዋት መዝሙር ይከፍትላቸዋል። እንዴት ነው ድምፁ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ልማድ ሆኖብኝ። ‹‹አንዱ ብቻውን ሲሆን ፊቱን አዙሮ የሚያወራኝ ሰው ይመስለኛል›› አሉኝ። ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ እንደዚህ ያለ አልሰማሁም።

ሊካሳ ታክሲ ድረስ ሲሸኘኝ የቀረውን ነገረኝ። በወደቁ በሦስተኛው ቀን ለአባዲ ደውሏል። አባዲም ‹‹ዕቃውን ያመጣው ቻይና ያለ አበሻ ነው፤ እነግረዋለሁ›› ብሎታል። ስሙን ግን አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም። መጀመሪያ ካንተ ልስማው ብዬ ነው።

ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲዋሸኝ ቁጭ ብዬ ጽፌያለሁ። የሚዋሽን ሰው የማውቀው በሚዘለው ጥያቄ ነው። አንተ አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ዘለልክ። ዕቃው መጀመሪያ ‹‹የጓደኛዬ›› ነበር፤ ኋላ ‹‹ሸሪኬ›› አልከኝ። የጠየቅኸኝን አንድ ገጽ አልጽፍም። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ መቆሚያውን ማን አስቀረው?

ስመኝ


ጓንዡ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ስመኝ፣

እኔ ነኝ።

ጓደኛ የሚባል ሰው የለም። ሃያ አራቱንም ጥንድ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያ ዕቃዬ ነበር። ፋብሪካው መቆሚያው ለብቻው ተሠርቶ ካርቶን ውስጥ ይገባል አለኝ። እሱ ሲገባ ካርቶኑ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ደግሞ በያዝኩት ቦታ የሚጫነው አሥራ ስምንት ጥንድ ብቻ ነው። ማለቴ፣ ስድስት ጥንድ ሊቀርብኝ ነው። ‹‹አበሻ ግድግዳ አስጠግቶ ነው የሚያስቀምጠው፣ ምን ያደርግለታል?›› ብዬ ተውት አልኩ። ሠራተኛዋ ‹‹እርግጠኛ ነህ?›› ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

አባዲም ነግሮኛል። ሐምሌ ላይ ‹‹አንዲት ሴትዮ ላይ ወድቆ ጎዳት›› ብሎ ጻፈልኝ። ምን ያህል ተጎዳች ብዬ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልጠየቅሁም። እርስዎን ስልክዎት እውነቱን ይጻፉልኝ አልኩ እንጂ፣ ሃያ ሦስት ሰው ጥሩ ነው ሲል የአንዷ ይጠፋልኛል ብዬ ነው ያሰብኩት። በእርስዎ ስም መሸፈን ፈለግሁ። ያፈርኩት በዚህ የበለጠ ነው።

ምን ላድርግ? የሚሉኝን አደርጋለሁ። ለእናቴ ግን እባክዎ አይንገሯት።

ኢያቄም


ቂርቆስ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢያቄም፣

ልብህን ጌታ ያጽናልህ። ደብዳቤህን አንብቤ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ደግሜ ሳነበው አዘንኩ፤ ሦስተኛ ሳነበው ተነሥቼ ልብሴን ለበስኩ።

ቂርቆስ ነጋሳ የሚባል ብረት ሠራተኛ አለ። የመመሪያውን ሥዕል አሳየሁትና የፈትያን ስፒከር ለክቶ አንድ መቆሚያ በጠፍጣፋ ብረት ሠራ። ፈትያና እኔ በየተራ በሙሉ ኃይላችን ገፋነው፣ ተደገፍንበት፤ ንቅንቅ አላለም። ፈትያ እንዲያውም ድምፁ ተለወጠ ትላለች፤ እኔም አዳምጬ የተለወጠ መሰለኝ፣ ቤዙ ሰብሰብ ብሏል። እውነት ነው ወይስ ፈልገን ነው የሰማነው? እስቲ አጣራልኝ። ነጋሳ የሃያ አራቱንም ሊሠራ ይችላል፤ ሒሳቡን ካንተ ጋር ይነጋገር። አባዲ ደግሞ ዛሬውኑ ለሁሉም ገዢ ደውሎ አስራችሁ አቁሙ እንዲል ነግሬዋለሁ። ‹‹ገበያዬ ይበላሻል›› ሲለኝ፣ ገላን ይዤህ ልሂድ አልኩት። ደወለ።

ከዚህ በላይ ግን አልሄድልህም። አንተን ወክዬ ለወይዘሮ አልጋነሽ ይቅርታ አልልም። ይቅርታ በወኪል አይሆንም። የሊካሳን ስልክ ታውቀዋለህ። እናትህን ደግሞ እኔ አልነግራትም፤ አንተ ንገራት። ከሰው ሰምታ ከምታነባ ካንተ ሰምታ ብትቆጣ ይሻላል።

ስመኝ


ጓንዡ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ስመኝ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረስዎት እላለሁ፤ ትንሽ ቀደም ብዬ።

ደወልኩ። ሊካሳ ስሜን ነግሬው እስክጨርስ ድረስ አዳመጠኝ። ከዚያ ምንም ሳይል ዘጋው። በማግስቱ ደግሜ ደወልኩ፤ ያን ጊዜ ያነሡት እናቱ ናቸው። ‹‹መቆሚያውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ የወደቀውም ለዚህ ነው›› አልኳቸው።

‹‹እንዲያ ከሆነ አልሰበርኩትም ማለት ነው?›› አሉኝ።

‹‹አልሰበሩትም እማማ።››

ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በሦስተኛው ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ‹‹ሊካሳ፣ ና ስማ፣ አልሰበርኩትም!›› ሲሉ ይሰማኝ ነበር። እትዬ ስመኝ፣ ቢሰድቡኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ለእናቴ ነገርኳት። ‹‹የሴትዮዋ ቤት የት ነው?›› ብቻ አለችኝና ዘጋች።

ሁለት መቶውን ጥንድ ያለ መቆሚያ አላመጣም ስል ሸሪኬ ሌላ ሰው ፈልጎ ሄደ። ለነጋሳ ገንዘቡን ልኬለታለሁ፤ ይሥራ። ስለ ቤዙ የጠየቁኝ እውነት ነው፤ ሳጥኑ ሲወዛወዝ ድምፁም አብሮ ይወዛወዛል፤ ሲረጋ ይረጋል። ጆሮዎ አልዋሸም።

እኔ ራሴ መምጣት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን እዚህ ያለው ሥራ አሁን ስለማይለቅ ለፋሲካ አስቤያለሁ። እስከዚያ ለሕክምናና ለምርኩዝ የሚሆን ገንዘብ ብልክልዎ እርስዎ ቢያደርሱልኝስ?

ኢያቄም


ቂርቆስ፣ ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢያቄም፣

ጤና ይስጥህ። ልላክ ያልከውን ገንዘብ አላደርስልህም፤ ምክንያቱን ከታች ታገኘዋለህ።

ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እናትህ ናት። ከደብረ ብርሃን በመጀመሪያው አውቶቡስ ወርዳ፣ በአንድ እጇ ቅቤ በአንድ እጇ ጋቢ ይዛ ቆማለች። ‹‹ተነሺ ውሰጂኝ›› አለችኝ፤ ግቢ እንኳ አላስባለችኝም።

ገላን ስንደርስ ነጋሳ ቀድሞን መቆሚያውን እየገጠመ ነበር። የተሰነጠቀውንም ጠግኖ አጠገቡ አቁሞታል። እናትህ ከበሩ ፈቀቅ አላለችም። ‹‹የኢያቄም እናት ነኝ። የጣለሽ ልጄ ነው›› አለች።

ወይዘሮ አልጋነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ‹‹እናቱን ልኮ ነው?›› አሉ።

‹‹አላከኝም። መምጣቴንም አያውቅም።››

‹‹እንዲያ ከሆነ ተቀመጪ›› አሏት።

ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ስለ አንተ ማንም አላነሣም። ሁለቱ ስለ ዳሌ፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲያወሩ ዋሉ፤ እናትህ ወደ ማታ እግራቸውን በቅቤ አሸችላቸው። ሁለቱን ስፒከር ከፍተው መዝሙር አሰሙን። መሐል ላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ ‹‹ዞሮ አየኝ›› አሉ።

ሊካሳን ግን ልንገርህ። ቀኑን ሙሉ አልተቀመጠም። እንግዳ ነንና አስተናገደን፤ ውኃ አቀረበ፣ እንጀራ ጨመረ። ስንወጣ የእናትህን ዕቃ ተሸክሞ ታክሲው ድረስ ሸኘን፣ በሩን ከፈተላት፣ ተደግፋው ገባች። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ለእናትህ የሚለው እንደሌለው አየሁ፤ ለእኔም የለውም።

ቃሉን ለአንተ ነው ያቆየው። ፋሲካን አትጠብቅ፤ ና።

ስመኝ